የተረሳው ሾፌር

ወዳጄ፣ እዚህ ረሆቮት፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ፖርሼ ሲያልፍ አንገቱን የማያዞር ጎረምሳ የለም። አዶልፍ ሮዘንበርገርን የሚያውቅ ግን አላጋጠመኝም፤ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ1900 ፎርትስሃይም የተወለደ ይሁዲ ነው፤ በመርሴዲስ ሽምጥ የጋለበ የውድድር ሾፌር! በ1926 በርሊን፣ አቩስ የውድድር መንገድ ላይ፣ በዝናብ ውስጥ ሲመራ መኪናው ከመንገድ ወጣ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ እሱ ቆስሎ ተረፈ። በ1931 ደግሞ ከፈርዲናንድ ፖርሼና ከአንቶን ፒየች ጋር ሽቱትጋርት ላይ የፖርሼን ድርጅት መሠረተ፤ ገንዘቡን ሳይሰስት አፈሰሰ። ልብ በል፣ ያለ እሱ ገንዘብ ጅምሩ በከበደ ነበር። በ1935 ናዚዎች ይዘው ኪስላው ማጎሪያ ወረወሩት። ሲለቀቅ ተሰደደ፤ አሜሪካ ገብቶ አላን ሮበርት ተባለ። በ1967 ሎስ አንጀለስ ሞተ።