የጣሊያን ካብ

ከሉማሜ ወጣ ብሎ ባለ ጉብታ ላይ የጣሊያን ምሽግ ፍራሽ እንዳለ የነገሩኝ የአክስቴ ባል ናቸው። ኅዳር ላይ፣ ጤፉ ሳይታጨድ ሄድን። ጋሼ ሰማንያን ቢሻገሩም ዳገት ላይ ከእኔ ይፈጥናሉ። ማጭድ ይዘው ነበርና ምን ሊያደርጉበት ይሆን ስል፣ ላይ ስንደርስ ገባኝ። ቦታውን አጋምና ቀጋ ውጦታል። እሾሁን እየቆረጡ ባያሳልፉኝ ኖሮ ካቡን ሳልነካው በተመለስኩ።

የቀረው ብዙ አይደለም። ወገብ ድረስ የሚመጣ ክብ ግድግዳ ነው፤ አንድ ወገኑ ተንዶ የከብት መግቢያ ሆኗል። አንድ ወይራ ሥሩን በድንጋዮቹ መሐል ሰዶ ሌላውን ወገን እየገለበጠው ነው። ውስጡ ሳማ በሳማ። አንዲት የተኩስ ቀዳዳ ግን እንደነበረች አለች፤ ከውጭ ጠበብ፣ ከውስጥ ሰፋ ያለች። ሳማው እየለበለበኝ ጎንበስ ብዬ አየሁባት። የጮቄ ተራራ አይታይም፣ ማሳው አይታይም፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን የሚሄደው መንገድ ብቻ፣ እሱም ላይ ጭነት ያጎበጠው አይሱዙ።

ጣሊያን ጎጃምን አምስት ዓመት ገዛ ይባላል። በ1930 ሕዝቡ መሣሪያህን አስረክብ ቢባል አሻፈረኝ ብሎ ሸፈተ፤ ከዚያ ወዲህ የጠላት ጦር በየምሽጉ ታጥሮ፣ አንዳንዱም ስንቁ ከአውሮፕላን እየተጣለለት ነበር የኖረው። ገዛ ከተባለም የገዛው ያቺ ቀዳዳ የምታሳየውን ያህል ነው።

«ድንጋዩን ማን አመጣው?» አልኳቸው።

«ማን ያመጣዋል? ያገሬው ሰው ነዋ! አባቴ ከወንዝ እስከዚህ በጫንቃው አወጣው፣ በአለንጋ እየተነዳ። እኔ ደግሞ ጎጆ ስወጣ ወደ ታች ተሸከምኩት።» የበጎቻቸው በረት ግማሹ ከዚህ የወረደ ነው። ቅርስ ፈረሰ ብሎ የሚያዝን ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ አላዘንኩም።

ውጊያ ነበረ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። እዚህስ ጥይት ሳይተኮስ ነው ጠላት የወጣው። በመጋቢት 1933 መጨረሻ ኮሎኔል ማራቬንታኖ ደብረ ማርቆስን ለቆ፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር ከ10 ሺህ በላይ ሰው አስከትሎ በዚሁ አቅጣጫ ወደ ዓባይ፣ ወደ ሸፈርታክ ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ከተማዋ ሲገቡ እሱ የለም። እጁን የሰጠው ግንቦት ላይ፣ ወሎ ውስጥ አጅባር አካባቢ ነው።

ይህን መንገድ ይዘጋል ተብሎ የተጠበቀው የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ነበር። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ መኮንን ዊልፍሬድ ቴሲጀር ያኔ ከበላይ ጋር ተልኮ ነበር፤ እንግሊዞች ከዚያ በኋላ በጻፉት ላይ፣ ለጣሊያን ያደሩት ራስ ኃይሉ ከበላይ ጋር ተነጋግረው፣ ልጃቸውንም ሊድሩለት ቃል ገብተው፣ ጠላት በሰላም አለፈ ይላሉ። ጎጃም ውስጥ ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ገና አላጋጠመኝም። እኔም የተናገርኩት ቀስ ብዬ ነው።

ጋሼ ማጭዳቸውን ካቡ ላይ አስቀመጡ። «በላይን?» አሉ።

«ተጽፏል ነው የምልዎ እንጂ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት።»

«አምስት ዓመት ሙሉ በረሃ የከረመውን? በ1937 ገመድ ያስገቡትን?»

ተሰቅሎ የሞተ ሰው ስም እንዲህ ባለ ነገር ሲነሳ እንደሚያማቸው አየሁ። ወሬውን ልለውጥ ብዬ ስለ ወይራው ጠየቅኋቸው፣ አልሰሙኝም። የተንጋደደ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ደጀን በኩል እያዩ ቆዩና፦

«ፈረንጁ አብሮት ነበር ነው የምትለኝ?»

«አዎ ጋሼ፣ አብሮት ነበር።»

«ጠመንጃ ነበረው?»

«መኮንን ነው፣ ይኖረዋል።»

«እሺ፣ እሱስ ለምን አልተኮሰም?»