ስፍራ የሌላት ውብ መኪና

በአዲስ አበባ ከተማ የሚኖር አንድ የመንግሥት ጸሐፊ ነበረ። ይህ ሰው በሥራው ትጉህ፥ በአነጋገሩ ጨዋ፥ ለእናቱም ታዛዥ ነበረ፤ ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነገር አብዝቶ ይወድ ነበር፤ ይኸውም ፈጣን አውቶሞቢል ነው። አባቱ በወጣትነቱ የጉግስ ፈረስ ይወድ እንደ ነበረ የአገሩ ሽማግሌዎች ይናገሩ ነበር። ልጁም ያንኑ ፍቅር ከአባቱ ወረሰ፤ የተለወጠው ፈረሱ ብቻ ነው።

በ1961 ዓመተ ምሕረት አንድ ጣሊያናዊ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲነሣ መኪናውን ለመሸጥ ፈለገ። መኪናይቱም ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር የምትባል ነበረች። መልኳን ያበጀው ፒኒንፋሪና የተባለው የጣሊያን ቤት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችውም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1966 ነው። ቀለሟ ቀይ፥ ቁመቷ ዝቅተኛ፥ ጣሪያዋም ሸራ ነበረ፤ ፀሐይ ሲሆን ሸራው ወደ ኋላ ይታጠፋል፥ ዝናብ ሲመጣ ይዘረጋል። የሞተሯ ኃይል 90 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበረ። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ሸክም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አንድ ሜትር ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል ነው። እንግዲህ የዘጠናውን ብርታት አስቡ። ይህን ሁሉ ኃይል ይዛ የምትሸከመው ግን ከፊት የሚቀመጡ ሁለት ሰዎችን ነበረ። ከኋላቸው ጠባብ መደብ የምትመስል መቀመጫ አለች፤ በእርስዋም ላይ ሁለት ሕፃናት ጉልበታቸውን አጥፈው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ከሕፃን በላይ የሆነ ግን አይችልም።

ሰውየው ለአራት ዓመት ከደመወዙ እየቀነሰ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሰጥቶ ገዛት። ከሥራ ሲመለስ በእጁ ያጥባታል፤ ሲመሽም በአቡጀዲ ይሸፍናታል። የሰፈር ልጆች ሊያዩአት ሲሰበሰቡ «ተመልከቱ፥ ነገር ግን አትንኩ» ይላቸው ነበር። በዚያው ዓመት ሚስት አገባ። ሚስቱም አስተዋይ ሴት ነበረች፤ መኪናይቱን አላመሰገነችም፥ አልነቀፈችምም።

ይህ ሰው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ አጠገብ የምትኖር አንዲት እኅት ነበረችው። ባልዋ ቀደም ብሎ ሞቶባት፥ ከእናቷና ከሦስት ልጆችዋ ጋር ገብስ እያሳረሰች ትኖር ነበር። በ1962 ዓመተ ምሕረት በሚያዝያ ወር ታመመችና ሞተች። ታላቂቱ ልጅ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ወንድሞችዋ አንዱ የአምስት፥ አንዱ የሦስት ዓመት ሕፃናት ነበሩ። ወንድሟም በለቅሶው ላይ በዘመድ ሁሉ ፊት ቆሞ «ልጆቹን እኔ አሳድጋለሁ፤ እናቴንም እወስዳለሁ» ብሎ ተናገረ። ከአርባው በኋላም በሰኔ መጀመሪያ ሊያመጣቸው ተነሣ።

በዚያች ሌሊት የሚያመጣቸውን ሰዎች አልቈጠረም አይባልም። ቈጥሮ ነበር፤ እናቱና ሦስት ልጆች ከእርሱ ጋር አምስት ናቸው። ነገር ግን «ልጆች ትንንሾች ናቸው፥ ይጠጋጋሉ» ብሎ ራሱን አታለለ። በሰፈሩ በኪራይ የሚሠራ ሰፊ መኪና ነበረ፤ እርሱ ግን በእናቱ ደጅ በቀይዋ መኪና ሊታይ ወደደ።

በኮተቤ አድርጎ፥ ሰንዳፋንና ሸኖን አልፎ፥ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ ማልዶ ጨረሰና ደብረ ብርሃን ደረሰ። መኪናይቱም እንደ ወፍ በረረች። ከደብረ ብርሃን በኋላ ግን መንገዱ ድንጋይና አፈር ነበረ። ዝቅተኛ መኪና በእንዲህ ያለ መንገድ ሲሄድ ሆዱ ድንጋይ ይነካል፤ ሰውየውም በየጊዜው የሚሰማው የመፋቅ ድምፅ በገዛ ጥርሱ ላይ የሚፋቅ ይመስለው ነበር።

ከቤቱ ሲደርስ እናቱና ልጆቹ ጓዛቸውን ቋጥረው በደጅ ቆመው አገኛቸው። ሰማዩ ጠቍሮ ካፊያ ጀምሮ ነበርና ሸራው ተዘረጋ። እናቱ ከፊት ተቀመጡ። ሁለቱ ሕፃናት ከኋላ ገቡ። ልጅቱም ባናዋን ተከናንባ፥ ትንሽ ቋጠሮዋን ይዛ፥ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። በወንድሞችዋ መካከል ሊያስገቡአት ሞከሩ፤ አልሆነም። በአያትዋ ጉልበት ላይ ሊያስቀምጡአት ሞከሩ፤ አሮጊቷ ጉልበታቸው የታመመ ነበርና አልቻሉም።

እናቱም «ልጄ፥ እኔ ልቅርና እርስዋ ትሂድ፤ እኔ እዚህ ኖሬአለሁ» አሉ።

ልጅቱ ግን «እማማ፥ እርስዎ ይሂዱ፤ ወንድሞቼ ያለ እርስዎ ያለቅሳሉ። እኔ በኋላ እመጣለሁ» አለች።

አጎትዋ በመኪናይቱ በር ላይ እጁን አድርጎ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም «በሚመጣው ቅዳሜ እመለሳለሁ» አላት። ለአንዲት ጎረቤት ባልቴት አደራ ሰጥቶአት ሄደ። ልጅቱ አላለቀሰችም። ልጅ ሳያለቅስ ሲቀር ታላላቆች ብዙ ጊዜ «ታጋሽ ናት» ይላሉ፤ ሁልጊዜ ግን ትዕግሥት አይደለም።

በመመለሻው መንገድ አንድ ሹል ድንጋይ በመኪናይቱ ሆድ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ ቀደደው። የሞተር ዘይት ካለቀ ብረት ከብረት ጋር እየተፋተገ ይግላል፥ ይነክሳልም፤ ስለዚህ ወዲያው አጠፋት። ገብስ የጫነ የጭነት መኪና በሰንሰለት እየጎተተ ደብረ ብርሃን አደረሳት። እናቱንና ሕፃናቱን በአውቶቡስ አሳፈራቸው። አውቶቡሱም ሲነሣ ሰውየው ከውጭ ሆኖ በመስኮቱ ተመለከተ፤ ሁለት ባዶ መቀመጫዎች ነበሩ።

መኪናይቱ ወደ አዲስ አበባ ተወስዳ ጋራዥ ገባች። መካኒኩም «የዚህ ዕቃ እስኪመጣ መቈየት ነው» አለ። የመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ፤ ሰውየው ወደ ጋራዥ ሄደ። ሁለተኛውም ቅዳሜ መጣ፤ አሁንም ወደ ጋራዥ ሄደ። አውቶቡስ እንዳለ ያውቅ ነበር። ነገር ግን «ትጠገንና በእርስዋ ሄጄ ላምጣት፤ ልጅቱም በፊት መቀመጫ ትቀመጥና ደስ ይበላት» ይል ነበር። ይህ አሳብ መልካም ይመስላል፤ ውስጡ ሲታይ ግን ደስ እንዲላት የተፈለገችው ልጅቱ አልነበረችም።

በአራተኛው ሳምንት ሚስቱ እንጀራ እያቀረበች «ቤታችን ሰፊ ነው፤ የጠበበው መኪናው ብቻ ነው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እናቱ ራታቸውን ሳይበሉ ተነሡ። እርሱም በማግሥቱ ከአለቃው ፈቃድ ጠይቆ በሚቀጥለው ቅዳሜ በአውቶቡስ ሄደ።

ወሩ ሐምሌ ነበረ። ከደብረ ብርሃን በኋላ ያለው መንገድ በጭቃ ተዘግቶ ነበርና ሱሪውን አጥፎ፥ ጫማውን በእጁ ይዞ፥ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጓዘ። ከመንደሩ በታች ባለው መንገድ ዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። በድንጋዩ ላይ ባና የተከናነበች ልጅ ተቀምጣ ነበር፤ ቋጠሮዋም በጉልበትዋ ላይ ነበረ።

ባልቴቲቱ በኋላ ነገሩን ሁሉ ነገሩት። ልጅቱ በየቅዳሜው ማልዳ ቋጠሮዋን ይዛ ትወርዳለች፤ እስኪመሽ በድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች። የመኪና ድምፅ በሰማች ጊዜ ትቆማለች፤ የጭነት መኪና መሆኑን ስታይ ትቀመጣለች። በክረምት በዚያ መንገድ የሚያልፍ ጥቂት ነውና ብዙ ጊዜ አልቆመችም። በውርጩም ሳል ይዞአት ነበር።

ልጅቱ አጎትዋን ባየች ጊዜ ተነሥታ ጉልበቱን ሳመች። ከዚያም ወደ መንገዱ ተመልክታ «ጋሼ፥ ዛሬስ ለእኔ ስፍራ አለ?» ብላ ጠየቀችው።

ሰውየው ጉሮሮው ተዘጋ። በመጨረሻም «በእግሬ ነው የመጣሁት» አላት።

«እንግዲያስ አለ» አለችና ቋጠሮዋን አነሣች።

ወንዝ ሲያጋጥማቸው በጀርባው አዝሎ አሻገራት። በመንገድም ላይ ስለ መኪናይቱ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እርስዋም አልጠየቀችም።

በነሐሴ መጨረሻ ዕቃው መጥቶ መኪናይቱ ተጠገነች። ሰውየው በአንድ እሑድ ብቻውን ወደ ደብረ ዘይት ነዳት። በአስፋልቱ ላይ እንደ ቀድሞው በረረች፤ መሪዋ እንደ ሐሳብ ይታዘዛል፥ ፍሬኗ ይይዛል፥ ድምፅዋም ያማረ ነበረ። ምንም አልጎደላትም። በእውነትም መኪናይቱን መውቀስ አይገባም፤ ለሁለት ሰው ተሠርታ ሁለት ሰው ይዛለች። በሚያዝያ ወር በለቅሶ ላይ ቃል የገባችው እርስዋ አይደለችም። ሰውየው ከሐይቁ አጠገብ አቁሞ ብዙ ሰዓት ተቀመጠ። ሲመለስ ቍርጡን አድርጎ ነበር፤ በመስከረም 1963 ዓመተ ምሕረት ሚስት ላላገባ ለአንድ የነጋዴ ልጅ ሸጣት። ከሸክላ የተሠራ ዕቃ እንደሚቀበሉ አድርጎ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠው ይባላል።

በዋጋውም ሌላ ሰው የሠራባትን የቮልስዋገን ኮምቢ ገዛ። የኮምቢ ነገር ሊነገር የሚገባው ነው። በ1947 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ ቤን ፖን የተባለ የሆላንድ መኪና ነጋዴ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ መንኰራኵር ያለው ሣጥን የሚመስል ነገር በእርሳስ ሳለ። ነጂው ከፊት፥ ሞተሩ ከኋላ፥ መካከሉ ሁሉ ለሰውና ለዕቃ እንዲሆን አሰበ። ፋብሪካው ከዚያ አሳብ ተነሥቶ በ1950 መሥራት ጀመረ፤ በብራዚል አገር እስከ 2013 ድረስ ይሠራ ነበር። እንግዲህ ያች መኪና መልኳ እንደ ሣጥን መሆኑ ስሕተት አይደለም፤ ሣጥን የተፈለገው ብዙ እንዲይዝ ነው።

የሰፈሩ ሰዎች ግን ይህን አያውቁምና ሳቁ። አንዱ «ፈረሱን ሸጦ ጎተራ ገዛ» አለ። ጸሐፊው ራሱም ከእነርሱ ጋር ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከልብ አልነበረም። የኮምቢይቱ ጉልበት ሃምሳ ፈረስ አይሞላም። በደጋ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተር ኃይል ይቀንሳል፤ ደብረ ብርሃንም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች። ስለዚህ በዳገት ላይ የጭነት መኪናዎች ሳይቀሩ እያለፉአት ይሄዱ ነበር። ጎንዋ ሰፊ ግድግዳ ስለሆነ በሸኖ ሜዳ የሚነፍሰው ነፋስ ከመንገዱ ወደ ዳር ይገፋታል፤ ነጂውም መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይይዛል። ደግሞም መልካምነት ነበራት። ሞተርዋ በአየር የሚቀዘቅዝ ነውና ሌሎች በዳገት ላይ ቆመው ውኃ ሲጨምሩ እርስዋ ቀስ እያለች ትወጣለች። ሆድዋ ከምድር ከፍ ያለ ነውና ድንጋዩን ትሻገራለች። ክብደቱ በሚነዱት የኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በጭቃም ቶሎ አትሸነፍም። እስከ ዘጠኝ ሰው ትይዛለች፤ ጓዝ ሲበዛም በፖርቶመጋላዋ ላይ ይጫናል።

ሰውየው ቀይዋን መኪና ቶሎ ረሳ ማለት ሐሰት ይሆናል። ከሸጣት በኋላ ብዙ ወራት ድምፅዋን በጎዳና ላይ ሲሰማ አንገቱ ሳይወድ ይዞር ነበር። አንድ ማታ የነጋዴው ልጅ በአጠገቡ አልፎት ሲሄድ ኮምቢይቱን አቁሞ የመብራቱን ጭላንጭል እስኪጠፋ ተመለከተ። ከኋላው ሁለቱ ሕፃናት በዳቦ ይጣሉ ነበር። ከዚያም ማርሹን አስገብቶ ሄደ።

በሚያዝያ 1963 የእኅቱ ሙት ዓመት ደረሰ። በዚያን ዕለት እናቱ፥ ሚስቱ፥ ሦስቱ ልጆችና ሁለት ጎረቤቶች በኮምቢይቱ ገቡ። በላይዋም የእህል ከረጢትና ድስቶች ተጭነው ነበር። ከደብረ ብርሃን በኋላ መንገዱን በዝግታ አለፉ፤ ሆድዋም ድንጋይ አልነካም። ተዝካሩ ተበልቶ ሲመለሱ፥ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት የሚሄዱት ያች አደራ ጠባቂ ባልቴት አብረዋቸው ገቡ።

ከመንደሩ በታች፥ ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ ሲደርሱ፥ ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት እጅዋን አነሣች። ሰውየው አቆመ። የኮምቢይቱን የጎን በር የሚከፍት የሚዘጋ ሁልጊዜ ታላቂቱ ልጅ ነበረች፤ ይህን ሥራ ለማንም አትሰጥም። በሩን ከፍታ ወረደች። ሴቲቱን አስገባች፥ ሕፃኑንም አቀበለች። ከዚያም በሩን ይዛ፥ ከፊት መቀመጫ ጀምራ በጣትዋ እያመለከተች የተቀመጡትን አንድ በአንድ ቈጠረች። በመንገዱ ላይም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተመለከተች።

«የቀረ የለም፥ ጋሼ» አለችና ገብታ በሩን ዘጋች።