ሚዜነቱ ይቅርብኝ፣ ፀጉሬ ይኑርልኝ!

ዛሬ የሰው ገመና ትቼ የራሴን ራስ ልገልጥላችሁ ነው። እውነቴን ነው፣ ራሴን!

ከአስራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ፀጉሬን በሪላክሰር ሳስለሰልስ ኖሬያለሁ። ቆዳዬን ሲያቃጥለኝ ፀጉር ሰሪዋ “ትንሽ ቻይው፣ እየያዘልሽ ነው” ትለኛለች። እኔም እችለዋለሁ። ለቁንጅና ሲባል ምን የማይቻል አለ!

በ2013 ዓ.ም ስራ አግኝቼ ድሬዳዋ ወረድኩ። እናንተዬ፣ የድሬን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል! አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ አናት ላይ። ውሃው ደግሞ ኖራ ስላለበት ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ታዲያ ማንቆርቆሪያው ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፀጉርም ላይ ይቀራል። በስድስት ወር ውስጥ ፀጉሬ እንደ ገለባ ተሰባበረ፤ ከግንባሬ በላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ተመለጠ። ከዚያ በኋላ ያለ ሻሽ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

አንድ ቀን አከራዬ ሻሼን ሳላስር ደረሰችብኝ። (ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ የእናቴ እኩያ ብትሆንም “አንቺ” ነው የምንባባለው።) አየችኝና “አንቺ! ይሄን ነገር ካልተውሽ ለፀጉርሽ ለቅሶ ልንቀመጥለት ነው” አለችኝ። ቀፊራ ገበያ ይዛኝ ወጣች። ቀሲልና ለጋ ቅቤ ገዛን። ቀሲል የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት ነው፤ በውሃ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል።

እስከዚያ ድረስ ፀጉሬ ደረቀ ባልኩ ቁጥር ደረቁ ላይ ቅባት እደፋበት ነበር። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው! ቅባት ውሃ አይሆንም፤ ያለው ውሃ እንዳይተን ይከድናል እንጂ። ደረቅ ፀጉር ላይ ከቀባችሁት የከደናችሁት ድርቀቱን ነው። ስለዚህ በሳምንት አንዴ በቀሲል መታጠብ፣ መጨረሻ ላይ ፈልቶ በቀዘቀዘና በጠለለ ውሃ ማለቃለቅ ጀመርኩ፤ ውሃው ሲፈላ ኖራው ከስር ይቀራልና። ፀጉሬ ገና እርጥብ እያለ ቅቤ በትንሹ፣ ከዚያ ላላ ያለ ሹሩባ፣ ማታ የሳቲን ሻሽ። ቅቤው በሙቀቱ እየቀለጠ አንገቴ ላይ ሲወርድብኝ ለስራ ቀን በሰሊጥ ዘይት ተካሁት።

ፀጉር በወር ቢያድግ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትዕግስት ይጠይቃል። የተለሰለሰው አሮጌና አዲሱ ከርዳዳ የሚገናኙበት ቦታ እየተበጠሰ ሲያስቸግረኝ፣ በስምንተኛው ወር አሮጌውን ቆርጬ ጣልኩት። አለቀስኩ... አልዋሻችሁም።

ዋናው ፈተና ግን የመጣው ያኔ ነው። ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ልታገባ ሆነና ሚዜ አደረገችኝ። የሚዜዎቹ ፀጉር ሁሉ ተለስልሶ አንድ ዓይነት ይሁን ተባለ። እኔ ሹሩባ እሰራለሁ አልኩ። “ሹሩባ የመልስ ነው! ፎቶዬን ልታበላሺ ነው?” ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። እናቴም “ለአንድ ቀን ምን አለበት?” አለች። አንድ ቀን! በሪላክሰር የተለሰለሰ ፀጉር እኮ እስኪቆረጥ ድረስ አይመለስም።

ሚዜነቱን ተውኩት። በሰርጉ ቀን ከዘመድ ጋር ቁጭ ብዬ ሳጨበጭብ አንጀቴ እያረረ ነበር። እህቴ አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።

በመልሱ ዋዜማ ሰሪዋ የሙሽራዋን ሹሩባ ስትጀምር እህቴ ጮኸች። ለሰርጉ የተቀባችው ሪላክሰር ከጆሮዋ በላይ አቁስሏት ኖሯል። ማበጠሪያውን ተቀብዬ፣ ቁስሉን እየዘለልኩ፣ ላላ አድርጌ ራሴ ሰራኋት። ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም። ስጨርስ እጄን ያዘችና “ያ በስልክ ስትነዘንዢኝ የነበረው ዱቄት ማን ነበር ስሙ?” አለችኝ።

ከግንባሬ በላይ የተመለጠው ቦታ ግማሹ በቀለ፤ ግማሹ እምቢ አለ። ስሩ ከሞተ ቀሲልም ቅቤም አያስነሳውም። ስለዚህ እህቶቼ፣ ሲያቃጥላችሁ “ቻይው” የምትላችሁን አትስሙ። ያኔውኑ ተነሱና ታጠቡ! ቸር እንሰንብት።