ሐረር ላይ ዕቃ ቶሎ አያረጅም

ራስን ፎቶ አንስቶ ለዘመድ መላክ በስልክ ዘመን የተጀመረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሐረር ውስጥ ግን ነገሩ 140 ዓመት አልፎታል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ የአንድ የንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር ገባ። ብዙም ሳይቆይ ካሜራ ከፈረንሳይ አዘዘ። ዕቃው እስኪደርስለት ወራት ጠበቀ፤ ከደረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በሜይ 1883 ለቤተሰቡ የራሱን ፎቶዎች ላከ። አንዱ ላይ ሰገነት ላይ ቆሟል፣ ሌላው ላይ ቡና ተክል መሃል፣ ሦስተኛው ላይ ሙዝ ሥር እጆቹን አጣምሮ። በደብዳቤውም ፎቶዎቹ የነጡት የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ አማርሯል። እኛ ዛሬ ቪዲዮው የደበዘዘው በኔትወርኩ ነው እንላለን።

እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ራሱን ያላነሳበትን ፎቶ ነው። ሐረር ገበያ ላይ አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሏል፤ ሥራው የቆዳ ከረጢት መሥራት ነው። ስሙን አላውቅም። ካሜራው የት እንደደረሰ አላውቅም፣ የሰውየው አቀማመጥ ግን አለ። ስለ አዲስ ስልክ በጻፍኩ ቁጥር ያ ፎቶ ትዝ ይለኛል። ዕቃውን የሚያስከብረው የወጣበት ቀን ሳይሆን ለእኛ ያቆየልን ነገር ነውና።

ሐረር በቴክኖሎጂ ወደኋላ የቀረች ከተማ ሆና አታውቅም። የአገራችን የቴሌ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ሲቆጠር፣ መነሻው ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራም መስመር ነው። ጊዜው አፄ ምኒልክ በዙፋን ላይ፣ ራስ መኮንን በሐረር ገዥነት የነበሩበት ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምርም መጀመሪያ ድሬዳዋን አስቀድሞ፣ አዲስ አበባ ሳይደርስ ሐረርን አዳርሷል። አዲስ ነገር በምሥራቅ በኩል መግባቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ባሕሩም ንግዱም በዚያ በኩል ነበርና።

የሐረር ትልቁ ችሎታ ግን ዕቃውን ቀድሞ ማግኘቱ ላይ አይደለም፤ ካገኙት በኋላ ማቆየቱ ላይ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደውን «መኪና ግርግር» የተባለ መንገድ አስቡት። የስፌት መኪናው ድምፅ ለመንገዱ ስም እስከመሆን ደርሷል። ልብስ ሰፊዎቹ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጨርቁን በእጃቸው እየገፉ፣ ፔዳሉን በእግራቸው እየረገጡ፣ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ጨርሰው ያስረክባሉ። መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቆምም፣ አዲስ ሶፍትዌር ጫን የሚላቸውም የለም። ፔጆ 404ንም አስታውሱ። ፈረንሳይ ማምረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ሐረር ላይ ግን ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ የከተማዋ መለያ እስኪሆን ድረስ በታክሲነት ኖሯል። አሁን ባጃጅ ቦታውን ቢወስድበትም፣ ያን መኪና ለዚያ ሁሉ ዘመን በመንገድ ላይ ያቆየው የመካኒክ እጅ ነው፤ ከአንዱ አውጥቶ ለሌላው የሚገጥም፣ የሌለውን መለዋወጫ የሚፈጥር እጅ።

ያ እጅ ዛሬ ስልክ ጥገና ቤት ውስጥ ይገኛል። ሸዋ በር አካባቢ አንድ ወጣት ሲሠራ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንዲት እናት ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ ይዘው መጡ። ልጁ ጀርባውን በቀጭን ፕላስቲክ እየፈለቀቀ ከፈተው፣ የቻርጀር መሰኪያውን በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጸዳው፣ አልሆነም። መሳቢያውን ሳበ። ውስጡ የሞቱ ስልኮች ቦርድ ሞልቷል። ከአንዱ ላይ መሰኪያውን በካውያ አንስቶ በእሳቸው ስልክ ላይ በየደው። ሴትየዋ የጠየቁት ስለ ዋጋው አልነበረም። «ልጄ፣ የልጅ ልጄ ፎቶ አይጠፋም አይደል?» አሉት። «አይዞዎት እማማ፣ እሱ አይነካም» አላቸው። ስክሪኑ ሲበራ ፊታቸው እንዴት እንደበራ ማየት ነበረባችሁ። ይህ ሙያ ከየትኛውም የስልክ ምረቃ የበለጠ ሊዘገብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ስልኩ የማይችለውም አለ፤ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ በጀጎል ውስጥ መንገድ ማሳየት። በግንቡ ውስጥ ከ360 በላይ ጠባብ መንገዶች 48 ሄክታር ላይ ተጠላልፈዋል። ከፍ ካሉት ግድግዳዎች መሃል የሳተላይቱ ምልክት እየነጠረ ስለሚመጣ፣ ካርታው ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ አንዴ ሰው ግቢ ውስጥ፣ አንዴ ጣሪያ ላይ ትሆናለች። ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ጠይቁ። እሱ መንገዱን ብቻ አይደለም የሚነግራችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁም ይጠይቃችኋል። ለእንግዳ ከተማን የሚያስወድደው ደግሞ ይህ ጥያቄ ነው።

ስለ ጅቡ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ከተማ እንስሳት ባሳየው የፕላኔት ኧርዝ ሁለተኛ ዙር የሐረር ጅቦች ለዓለም ታዩ። ከዚያ ወዲህ ሐረር የሚል ቃል ቲክቶክ ላይ ስትጽፉ ጅብ ነው የሚመጣላችሁ፣ በአፉ ሥጋ ነክሶ የሚያጎርስ እንግዳ ነው የሚመጣላችሁ። ሰውና አውሬ ተስማምተው የሚኖሩበት ከተማ በመሆኑ እኮራለሁ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጀጎልን 82 መስጊዶች፣ ከመቶ በላይ የአውልያ ማረፊያዎቹን፣ በውስጡ ያጌጠውን የሐረሪ ቤትና ግንቡን ጭምር ነው። ስልኩ በእጃችን ነው፤ ወደ ሌላው በኩልም እናዙረው።

ይህን ቅርስ መጠበቅ እንደሚገባ ቀድመው የገባቸው አብዱላሂ ሸሪፍ ናቸው። የብራና መጻሕፍትን፣ ሳንቲምን፣ አልባሳትን፣ አሮጌ የሐረሪ ዘፈን የተቀዳባቸውን ካሴቶች ለዓመታት እየሰበሰቡ፣ የራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ በሚታወቀው ሕንፃ ሙዚየም አድርገዋቸዋል። የተጎዳውን መጽሐፍ ይጠግናሉ፣ ድምፁንም ወደ ዲጂታል ይገለብጣሉ። ከኢንተርኔት ሥራዎች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ስለዚህ የአገሬ ልጆች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አባትና እናታችሁ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ የሠርግ ካሴት፣ የአያት ድምፅ፣ የመንዙማ ቅጂ ካለ ዛሬውኑ አውጡት። የካሴት ክር በሙቀትና በአቧራ በየዓመቱ እየተበላሸ ይሄዳል፣ የሚያጫውተውም ማሽን እየጠፋ ነው። የድሮ ቴፕ ያለው ጎረቤት ፈልጉ፣ በስልካችሁ ቅዱ፣ ማን መቼ የት እንደተናገረው ጻፉበት፣ ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡት። ይህን ለማድረግ አዲስ ስልክ አያስፈልጋችሁም። በእጃችሁ ያለው ይበቃል።