ሐሳብ የለሹ ቃል

በከተማ ሰው አነጋገር «ሴኩሪቲ» ሲባል ብዙውን ጊዜ በባንክና በሆቴል በር ቆሞ ቦርሳ የሚፈትሸው ሰው ይታሰባል፤ ቃሉ ግን እዚያ በር ላይ ከመድረሱ በፊት ረዥም መንገድ ተጉዟል። ምንጩ የላቲኑ «ሴኩሩስ» ሲሆን፣ ይህም «ሴ» (ያለ) እና «ኩራ» (ሐሳብ፣ ጭንቀት) ከተባሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ስለሆነ ፍቺው «ሐሳብ የለሽ» ነው። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛም ቃሉ ከለላን ብቻ ሳይሆን ዝንጉነትንና ከልክ ያለፈ መተማመንን ጭምር ይገልጽ ነበር። እንግዲህ ሌላው ተኝቶ እንዲያድር ሌሊቱን በሐሳብ ለሚያነጋው ዘበኛ ይህ ስም መሰጠቱ የቋንቋ ፌዝ ነው ቢባል ያስኬዳል።

አማርኛ ይህን አንድ ቃል እንዳለ ከመቀበል ይልቅ እንደየሥራው ከፋፍሎ አድሎታል። ተበዳሪ የሚያስይዘው ንብረት «መያዣ»፣ በሌላው ፋንታ ኃላፊ የሚሆነው ሰው የሚሰጠው «ዋስትና»፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ የሚገዛው ወረቀት ደግሞ «ሰነደ ሙዓለ ንዋይ» ተብሏል። የተባበሩት መንግሥታት ከፍተኛ አካል «የጸጥታው ምክር ቤት» በመባሉ፣ ጸጥታ ዝምታም ነውና፣ ስሙን በጥሬው የሚወስድ አንባቢ አባላቱ ዝም ለማለት የሚሰበሰቡ ሊመስለው ይችላል፤ የቋሚ አባላቱን ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣን ለሚያውቅ ሰው ግምቱ ጨርሶ የተሳሳተ አይደለም። «ደኅንነት» የሚለው ቃል ዘመዶቹ የተከበሩ ናቸው፤ ከግዕዙ «ድኅነ»፣ ማለትም ዳነ፣ ተረፈ፣ ከሚለው ግሥ የሚወለድ በመሆኑ ከ«መድኃኒት»፣ ከ«መድን» እና በየማለዳው ሰላምታ ከሚጠየቀው «ደኅና» ጋር ወንድማማች ነው፤ ይሁን እንጂ «ደኅንነት ነው» የተባለ ሰው ወደ ሻይ ቤት ሲገባ የሚሰማው ስሜት ሁልጊዜ የመዳን ስሜት አይደለም።

በጅግጅጋና ከእርሷ በስተ ምሥራቅ፣ በሶማሌላንድ ድንበር አጠገብ በምትገኘው በሀርሺን የሚነገረው ሶማሊኛ ለዚሁ ጉዳይ ከዐረብኛ የወሰዳቸው «አምኒ» እና «አማን» የሚሉ ቃላት አሉት። የእነዚህ ሥር ሃይማኖታዊ እምነትን የሚገልጸውን «ኢማን»ን፣ አደራን የሚገልጸውን «አማና»ን፣ እንዲሁም የአማርኛውን «አመነ» እና «እምነት» ያፈራው ሴማዊ ሥር ነው። ስለዚህ ላቲኑ ደኅንነትን ከሐሳብ ነጻ መሆን ሲያደርገው፣ እነዚህ ቋንቋዎች የሚታመን ሰው ማግኘት ያደርጉታል፤ በሁለተኛው ሐሳቡ አይጠፋም፣ ወደ ሌላ ትከሻ ይዛወራል እንጂ።

ይህ ትከሻ በሶማሌ ምድር «አባን» የሚል የማዕረግ ስም ነበረው። አባን ማለት ከባሕር ጠረፍ ወደ ሐረር የሚሄድ ነጋዴ በሚያልፍበት አገር የሚይዘው ጠባቂ፣ መንገድ መሪ፣ ደላላና አስተርጓሚ ሲሆን፣ እንግዳው ቢጠቃ ጥቃቱ በአባኑና በጎሳው ላይ እንደተፈጸመ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ይህን ልማድ ከመተላለፊያ ቀረጥ ሁሉ ጥንታዊው አድርጎ የመዘገበው ሲሆን፣ ቃሉ ጠባቂውንም ተጠባቂውንም እንደሚጠራ ጨምሮ ጽፏል። አንዱ ስም ሁለቱን ማሰሩ ተራ ነገር አይደለም፤ የእንግዳው ውርደት የአስተናጋጁም እንደነበረ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሌላ ዓይነት ጠባቂ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ ብሪታንያ ከሶማሌ ጎሳዎች ጋር በተፈራረመቻቸው ውሎች ጎሳዎቹ መሬታቸውን ከብሪታንያ በቀር ለማንም ላለመስጠት ቃል ገቡ፤ ብሪታንያም ከለላዋን ሰጠች። እ.ኤ.አ. በ1897 ግን የብሪታንያ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ ከዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት ሐውድ የተባለው ሰፊ የግጦሽ ምድር በአብዛኛው በኢትዮጵያ በኩል ቀረ። በሁለቱም ወገን ያሉ አርብቶ አደሮች ድንበሩን ተሻግረው እንዲያግጡ ስምምነቱ ቢፈቅድም፣ መሬቱን እንዳይሰጥ የማለው ተጠባቂ ቃሉን ሲጠብቅ የሰጠው ጠባቂው መሆኑ አልቀረም። በአባን ሥርዓት እንዲህ ያደረገ ሰው ስሙን ያጣ ነበር፤ በዲፕሎማሲ ግን ጉዳዩ «የድንበር ማካለል» ተባለ።

ዛሬ ለዚያው ምድር የሚዘጋጁ የመንግሥትና የረድኤት ሰነዶች «የምግብ ዋስትና» ይላሉ። በሕግ ዋስትና ያለ ዋስ አይቆምምና፣ ዝናብ ሲጠፋ ዋሱ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር አይሆንም። ሶማሌዎች «ሰላምና ወተት፣ ጦርና ድርቅ» እያሉ ነገሩን በጥንድ ሲያስቀምጡት ኖረዋል፤ ወንዝ በሌለው በሐውድ ደግሞ ወተቱም ሰላሙም የሚንጠለጠለው «ቢርካ» በሚባለው፣ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ በሚለሰነው የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ላይ ነው። ቢርካ ሲሰነጠቅ ውኃውን ያፈሳል፣ ደለል ሲሞላው ይጠብባል፤ ስለዚህ ደመና ከመምጣቱ በፊት የሚጠርገው፣ ስንጥቁን የሚደፍነውና ዙሪያውን በእሾህ የሚያጥረው ሰው ያስፈልገዋል። ላቲኑ ከቃሉ ያስወጣው «ኩራ» ያለው እርሱ ዘንድ ነው።