ጂን ወዴት ነው የሚበረው?

ባለፈው ወር ማታ ማታ አንድ የተጫጫረ ሲዲ ላይ ተደፍቼ ነው ያመሸሁት። ሲዲው የ‹ቴከን 3› ነው። አዎ፣ ያው የምታውቁት፣ ጌም ቤት ውስጥ ‹ተሸናፊ ከፋይ› እየተባለ የስንቱ ተማሪ የታክሲ ሳንቲም ያለቀበት ቴከን። ጓደኞቼ ምን እየሠራሽ ነው ሲሉኝ «ከጌም ውስጥ ፊልም እያወጣሁ» እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙም አይጠይቁኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ በሚመጣው ጥር ያገባል። አዳራሹ ውስጥ ስክሪን ላይ የሚታየውን ቪዲዮ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ጋዜጠኝነት የተማረች ልጅ ባለችበት ቤት ቪዲዮ ለውጭ ሰው አይሰጥም (ክፍያም የለውም፣ እሱን ተዉት)። የልጅነት ፎቶ፣ የምርቃት ፎቶ፣ ከዚያ ሙሽሪት... እንዲህ ያለውን ሁላችሁም አይታችኋል። እኔ ግን በመሃሉ ጂን ካዛማ ክንፍ አውጥቶ ሲበር እንዲገባልኝ ፈለግኩ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ 1998 ዓ.ም. መመለስ አለብኝ።

እኔ 7 ዓመቴ፣ ወንድሜ 13 ነበር። እማዬ መስከረም ላይ ለሥራ ቤሩት ሄደች፤ እኛ ከአያታችን ጋር ቀረን። ወንድሜ ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ በግልጽ ያልተናገረውን አሮጌ ፕሌይስቴሽን ይዞ የመጣው ያኔ ነው። ሌንሱ ስለደከመ የሚያነበው ተገልብጦ ሲቀመጥ ብቻ ነበር። ሲዲው እንቢ ካለ በኮልጌት ይታሻል። ኦሪጅናል የሚባል ነገር አይተን አናውቅም፤ ሁሉም ስሙ በማርከር የተጻፈበት ኮፒ ነው።

እኔ መደባደብ አልችልም ነበር። ሻውዩ የምትባለዋን ፀጉሯን በሁለት በኩል ያሰረች ልጅ እመርጥና እጄ ያገኘውን ሁሉ እጫናለሁ። የምጠብቀው ፊልሙን ነው። ቴከን ላይ በአንድ ተጫዋች ሁሉንም ተራ በተራ ጥላችሁ፣ በመጨረሻ ኦገር የሚባለውን ጭራቅ ሁለት ጊዜ (ሁለተኛው ላይ ተለውጦ ነው የሚመጣው) ካሸነፋችሁ የዚያ ተጫዋች አጭር ፊልም ይከፈታል። ሜሞሪ ካርድ ስላልነበረን ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ከዜሮ እንጀምራለን። ስለዚህ እኔ «የጂንን አሳየኝ» ባልኩ ቁጥር ወንድሜ ያን ሁሉ ሰው እንደገና መደብደብ ነበረበት። ኦገር ጋ ሲደርስ መብራት ከሄደማ... ተዉት።

ፊልሙ ሲመጣ ወንድሜ ይተርክልኛል። ጂን እናቱን የሚፈልግ ልጅ ነው። እናቱ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዳለች። እነዚህ ወታደሮች መንገድ ዘግተውበታል። ሽማግሌው ፓስፖርቱን የያዘበት ሰውዬ ነው። አሁን እዪ፣ ክንፍ ሊያወጣ ነው... አወጣ! በቃ፣ ሊያመጣት ሄደ።

ሐምሌ 5 ቀን የሊባኖስ ጦርነት ተጀመረ። 34 ቀን ቆየ። ቤሩት በቦምብ ስትመታ በቴሌቪዥን እናያለን፣ እማዬ ደግሞ 3 ሳምንት ሙሉ ሳትደውል ቀረች። በእነዚያ ቀናት የጂንን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ያለን ቴሌቪዥን አንድ ነው፤ የዜና ሰዓት ሲደርስ ወንድሜ ወደ ጌም ይቀይረዋል። አያታችን ግን ፊልሙን አልወደዱትም። ክንፉ ሲወጣ «ይኼ ሰይጣን ነው፣ አጥፉልኝ!» ይሉ ነበር።

እማዬ ደህና ነበረች። ደወለች፤ በ2003 ጠቅልላ ተመለሰች።

እንግዲህ ወደ ሲዲው። «ዩቲዩብ ላይ ሞልቶ የለ እንዴ?» ያሉኝ አሉ። ሞልቷል። አንዱ ጥጉ ላይ የቻናሉን ስም ለጥፎበታል፣ ሌላው ወደ ጎን ለጥጦት ጂንን አወፍሮታል። ደግሞም የእኛው ሲዲ እንዲሆን ፈለግኩ። አያታችን ካረፉ በኋላ ቁም ሳጥናቸው ሲጸዳ ከፎቶዎች ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የተገኘው።

የአሁን ላፕቶፕ ሲዲ ስለማይበላ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ መርካቶ ሄጄ ገዛሁ። ሲዲውን ከፈትኩ፣ ፋይሎቹን ኮፒ፣ ፔስት። አለቀ። ኮምፒውተሩ ምንም ስህተት አላለኝም። ፊልሙ ግን አይሠራም። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ሲዲ ላይ መረጃ የሚቀመጠው ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ነው፤ አንዱ ሴክተር 2352 ባይት ነው። ኮምፒውተር ተራ ፋይል ሲገለብጥ ከእያንዳንዱ 2048ቱን ብቻ ይወስዳል፤ የቀረውን ‹ስህተት ማረሚያ ነው› ብሎ ይተወዋል። ፕሌይስቴሽን ግን የፊልሙ ድምፅ ያለባቸውን ሴክተሮች እስከዚያ ቦታ ድረስ ነው የሚሞላቸው። ስለዚህ ኮፒው ሙሉ ይመስላል እንጂ ጫፍ ጫፉ ተቆርጧል። መፍትሔው ፋይል መገልበጡን ትቶ ሲዲውን እንዳለ፣ 2352ቱንም፣ ማውጣት ነው። እኔ ኢምግበርን በሚባል ነፃ ፕሮግራም ‹ቢን› እና ‹ኪው› የሚባሉ ሁለት ፋይሎች አድርጌ አወጣሁት። ጭረቱ ላይ ሲደርስ እየቆመ፣ እየተንገዳገደ፣ ሌሊቱን ሙሉ።

ከዚያ ጄፒኤስኤክስዴክ የሚባለው ፕሮግራም አለ። ለዚሁ ለፕሌይስቴሽን 1 ብቻ የተሠራ ነው። ሲዲውን ሴክተር በሴክተር ያስሰውና ፊልም፣ ድምፅ፣ ምስል፣ ያገኘውን ሁሉ ዘርዝሮ ያስቀምጥላችኋል። የሚፈልጉትን መርጦ ወደ ቪዲዮ መቀየር ነው። እዚህ ላይ የገረመኝን ልንገራችሁ። ያ ማሽን ፊልም ሲያሳይ ሲዲውን በሰከንድ 150 ሴክተር ያነባል። ፊልሙ በሰከንድ 15 ፍሬም ካለው ለአንድ ፍሬም የሚደርሰው 10 ሴክተር ብቻ ነው፤ ድምፁም ከዚያችው ላይ ነው የሚነሣው። ምስልና ድምፅ በአንድ መስመር ተሰባጥረው ይሄዳሉ፦ ጥቂት ምስል፣ ትንሽ ድምፅ፣ ጥቂት ምስል... ደስ የሚለው፣ እያንዳንዱ ፍሬም እንደ ፎቶ ለብቻው የታመቀ ነው። በዲቪዲ ፊልም ላይ አብዛኛው ፍሬም ከጎረቤቱ ተበድሮ ነው የሚኖረው፤ እዚህ ማንም ከማንም አይበደርም። የፈለጋችሁበት ቦታ ብትቆርጡ አይበላሽም። ጭረት ቢነካውም የተነካው ፍሬም ብቻ ይሞታል፣ ቀጥሎ ያለው ይነሣል።

የእኛ ሲዲ የሞቱ 11 ፍሬሞች አሉት። የት እንደሆኑ ገና ሳልከፍተው አውቅ ነበር። ክንፉ ሊወጣ ሲል ምስሉ ሁልጊዜ ይደርቅ ነበር፤ ወንድሜ «እያሰበ ነው፣ መንገድ እየፈለገ ነው» ይለኛል።

ፊልሙን ፍሬም በፍሬም ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌው የጂን አያት ሄይሃቺ ነው። ወታደሮቹ የእሱ ናቸው። ጂንን በጥይት ይደበድቡታል፤ አያቱ ራሱ ይጨርሰዋል። ተመልሶ የሚነሣው ጂን ሳይሆን በውስጡ ያለው ሰይጣን ነው። አያቱን ግድግዳ አስጥሶ ያወጣውና ጥቁር ክንፉን ዘርግቶ ወደ ጨለማው ይበራል። እናቱ ጁን፣ ኦገር ቤታቸውን ካጠቃበት ቀን ጀምሮ አልተገኘችም። ከሁላችን ፊልሙን በትክክል የተረዱት አያታችን ነበሩ ለካ!

እንግዲህ ጋዜጠኝነት ስንማር ምስሉ ያላለውን በድምፅ አታስብሉት ተብለናል። ፕሪሚየር ላይ ተኩሱን ቆርጬ ብጥለው፣ ወታደሮች፣ ሽማግሌ፣ ክንፍ ብቻ ይቀራል፤ የወንድሜ ታሪክ እውነት ይሆናል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ሠራሁት። ከዚያ ደግሞ ያልተቆረጠውንም አስቀመጥኩ። ምስሉን ከ320 በ240 አራት እጥፍ ብቻ አሳደግኩት፤ ስክሪኑን እንዲሞላ ብዬ አልለጠጥኩትም፤ ካሬ ካሬው ይታያል፣ ይታይ። ፕሮጀክቱንም በሰከንድ 30 ፍሬም አደረግኩት፤ 25 ላይ 15 ፍሬም ሲገባ ይንቀጠቀጣል።

የቀረኝ የወንድሜ ድምፅና ሻውዩ ስታሸንፍ የምታደርገው ነገር ነበር። የእሷን ፍለጋ ሲዲውን ስበረብር ለካ እንዲህ ያለ ፊልም ጭራሽ የለም። ከውጊያ በኋላ የሚታየውን ማሽኑ በዚያው ቅጽበት ነው የሚስለው፤ ሰው ተጫውቶ ካላሸነፈ የትም የለም። የሚወጣው ተቀርጾ የተቀመጠው ብቻ ነው። ስለዚህ እሑድ ወንድሜን ቤት ጠራሁት፤ ላፕቶፑ ላይ ጌሙን ከፍቼ፣ ጆይስቲክ ሰጥቼ፣ ስክሪኑንም ድምፁንም እየቀረጽኩ አስጫወትኩት።

ኦገር ላይ ሦስት ጊዜ ተሸነፈ።

«እርጅና ነው?» አልኩት።

«ያኔ ብሸነፍ ቴሌቪዥኑ ወደ ዜና ይመለሳል» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። «አያቴ ‹እስክትሸነፍ ነው፣ ከዚያ ዜናዬን አያለሁ› ብለው ነበር የሚፈቅዱልኝ። እንዳታዪው ነው እንጂ ለጌሙማ...»

ይህን አላውቅም ነበር። ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ ሩቅ አገሩ ጠየቅኩት። «እኔ? እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?» ብሎ ሳቀ። አንድም ቃል አያስታውስም። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኔ ነገርኩት።

በአራተኛው ጣለው። ፊልሙ መጣ፤ ሁለታችንም ዝም አልን። እማዬ ቡና ይዛ ገባች፣ ረከቦቱን እንደያዘች ቆማ አየች።

«ይኼ ልጅ ወዴት ነው የሚበረው?» አለች።

ወንድሜ ዞሮ እንኳን ሳያያት «ቤሩት» አላት።

«ቪዛ አለው?»