ና፣ ና፣ ና

ኮፍያዬ ላይ ሦስት መብራት አለ፤ ቤቴ የሚመጣ ሰው ግን አያየውም። ኢንፍራሬድ ነው፣ የቲቪ ሪሞት ጫፍ ላይ እንዳለችው አምፖል። እንግዳ የሚያየው አንድ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ኮፍያው በሽቦ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ፣ የፕላስቲክ መሪ ጨብጦ፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ ነው። አከራዬ አንድ ቀን የውሃ ሂሳብ ሊጠይቁ መጥተው በር ላይ ትንሽ ቆሙና «ደህና ነህ ግን?» ብለውኝ ሂሳቡን ሳይጠይቁ ተመለሱ።

ደህና ነኝ። የመኪና ውድድር ሲሙሌሽን ነው የምጫወተው። ቀን ቀን ኮድ እጽፋለሁ፤ ማታ ማታ አሴቶ ኮርሳ ላይ ትሬንቶ ቦንዶኔ የሚባለውን የጣሊያን ተራራ እወጣለሁ። 17.3 ኪሎ ሜትር ዳገት፣ ኩርባ በኩርባ። ክብ እየዞሩ ከሚጋልቡበት ሜዳ ይልቅ ይህን ለምን እንደመረጥኩ የጋይንት ልጅ ይገባዋል። ከደብረ ታቦር ተነስቶ በጉና ጥግ አልፎ ነፋስ መውጫ የሚገባውን፣ ከዚያ በጨጨሆ አድርጎ ወደ ጋሸና የሚዘልቀውን፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩትን መንገድ እያየ ላደገ ሰው፣ ቀጥ ያለ መንገድ እንቅልፍ ነው።

ችግሬ ኩርባው ላይ ነበር። ሁሌም እዚያው ግድግዳ ጋ እላተማለሁ። እንደ ኢንጂነር ቁጭ ብዬ ለካሁት። 24 ኢንች ስክሪን፣ ከዓይኔ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከእይታዬ የሚሸፍነው 48 ዲግሪ ገደማ ነው። መንገዱ ደግሞ 180 ዲግሪ ይታጠፋል። ማለትም እኔ የማየው ኮፈኑ የሚያመለክተውን ብቻ ነው፤ መሄድ ያለብኝ ቦታ ስክሪኑ ላይ የለም። በሌለ ነገር ላይ ነበር መሪ የማዞረው።

መፍትሔው ሦስት ስክሪን መደርደር ወይ ቪአር መነጽር መግዛት ነው። ሁለቱም ከደሞዜ ጋር አይተዋወቁም። ሦስተኛው የጭንቅላት መከታተያ ነው። ትራክ አይአር የሚባለው በሰፊው የሚታወቀው ነው፤ ኢንፍራሬድ ካሜራው በሰከንድ 120 ጊዜ ያነሳሃል፣ ኮፍያህ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይፈልግና ከአቀማመጣቸው ጭንቅላትህ ወዴት እንደዞረ ያሰላል። ሦስት ዓይነት መዞር፣ ሦስት ዓይነት መንቀሳቀስ፣ በድምሩ ስድስት ቁጥር። በቃ ይኸው ነው። ቁጥሮቹ ጌሙ ውስጥ ገብተው የሹፌሩን ጭንቅላት ያዞራሉ።

እሱንም አልገዛሁትም፤ ሠራሁት። አንድ የቆየ ዌብካም ፈታሁና ሌንሱ ጀርባ ያለችውን ኢንፍራሬድ የምትከለክል ስስ ብርጭቆ አወጣሁ። በምትኩ ፍሎፒ ዲስክ ውስጥ የምትገኘዋን ጥቁር ፊልም ቆርጬ ለጠፍኩ፤ እሷ ተራውን ብርሃን አግዳ ኢንፍራሬዱን ታሳልፋለች። ሦስት አምፖል በተከታታይ አያይዤ፣ መሐል ሬዚስተር አስገብቼ፣ ከዩኤስቢ 5 ቮልት ሰጠኋቸው። ሶፍትዌሩ ኦፕንትራክ ነው፤ ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «አንገትህን ካዞርክ ስክሪኑን በምን ታየዋለህ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ምስጢሩ ያለው አንድ ግራፍ ላይ ነው። ግራፉ «ሰውየው ይህን ያህል ዲግሪ ሲዞር፣ ጌሙ ውስጥ ያለው ጭንቅላት ይህን ያህል ይዙር» የሚል ውል ነው። እኔ 20 ዲግሪ ስዞር እይታዬ 90 ዲግሪ ይዞራል። ዓይኔ ስክሪኑን ሳይለቅ የጎን መስኮቱን አያለሁ። መሐል ላይ ደግሞ ባስነጠስኩ ቁጥር መንገዱ እንዳይወዛወዝ ትንሽ የማይሰማ ቦታ ትቼለታለሁ።

ሌላው ማጣሪያው ነው። ካሳሳኸው እይታው ይንቀጠቀጣል። ካከበድከው ለስለስ ይላል፣ ግን ይዘገያል። አንድ አሥረኛ ሰከንድ መዘግየት ምንም አይመስልም፤ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን 1.7 ሜትር ገደማ ነው። ጋይንት ውስጥ በመንገዱና በገደሉ መሐል ከዚያ ያነሰ ስፋት ያለበትን ቦታ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ማታ ላይ ዳገቱን ግድግዳ ሳልነካ ጨረስኩ። እጄ አልተሻሻለም፤ ማየት ነው የጀመርኩት። በ1994 እ.ኤ.አ. ማይክል ላንድ እና ዴቪድ ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች የሹፌሮችን ዓይን ተከታትለው ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳወጡት፣ ሹፌር ኩርባ ከመግባቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ የኩርባውን ውስጠኛ ጠርዝ በዓይኑ ይፈልጋል፤ መሪውን የሚያዞረው ያንን እያየ ነው። ሳነበው ሳቄ መጣ። ጋሼ ይህንን ጋቢና ውስጥ አስተምረውኛል፦ «እጅህን ተወው፤ ዓይንህን አስቀድም፤ እጅ ራሱ ይከተላል።»

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ያደግሁት እሳቸው ቤት፣ ነፋስ መውጫ ነው። አይሱዙ ነበራቸው። ከታች ጋይንት ጤፍ፣ ከእኛ ደጋ ድንች፣ አንዳንዴ እስከ ስማዳ ወገዳ፣ አንዳንዴ እስከ እስቴ መካነ ኢየሱስ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ረዳታቸው እኔ ነበርኩ።

ረዳት ምን እንደሆነ የከተማ ልጅ አያውቅም። ጭነት ያወርዳል፣ ዳገት ላይ ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር ታኮ ያደርጋል። ዋናው ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ረዳት የሹፌር አንገት ነው። ሹፌሩ የማያየውን ጎን እሱ ያይለታል። ወደኋላ ሲመለሱ ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» ይላል። ልብ በሉ፣ ቤት ውስጥ ጋሼን «አንተ» ብል ጥፊ ነው። መንገድ ላይ ግን ረዳት «ይምጡ» አይልም። ለ«ይምጡ» ጊዜ የለም።

አሥረኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። ከአርብ ገበያ ጤፍ ጭነን ስንመለስ ጠባቡ ላይ አውቶቡስ ገጠመን። ከኋላችን ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ስለነበር ጋሼ ወደኋላ ተመልሰው ሊያሳልፉት ወሰኑ። እኔ ወርጄ በቀኝ በኩል ከኋላ ቆምኩ። መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ጠጥቷል።

«ና! ና! ና!»

አውቶቡሱ መስኮት ላይ አንዲት የክፍሌ ልጅ ነበረች። እጇን አወዛወዘችልኝ። ዓይኔ እሷ ላይ ነበር፤ አፌ ብቻውን «ና፣ ና» ይላል። የአፈሩን ድምፅ ሰምቼ ስዞር የኋላው ቀኝ ጎማ ከመንገድ ወጥቶ ነበር። አይሱዙው ቀስ ብሎ፣ እንደሚተኛ በሬ፣ በጎኑ ሄደ። አንድ ጊዜ ተገልብጦ የሰው ማሳ ላይ አረፈ። ጤፉ ጭቃው ላይ ተዘረገፈ።

ጋሼ ተረፉ። አንገታቸው ውስጥ ግን ብረት አለ፤ ወደ ቀኝ ትንሽ ይዞራሉ፣ ወደ ግራ ከዚያም ያነሰ። ሰው ሲጠራቸው ሙሉ ሰውነታቸውን ነው የሚያዞሩት። ከዚያ ቀን በኋላ አልነዱም። እኔም ስለ መስኮቱ ለማንም አልተናገርኩም። አፈሩ ከዳን ተባለ፤ ዝም አልኩ።

ያለፈው ዓመት ለሕክምና ክትትል አዲስ አበባ መጥተው እኔ ጋ አረፉ። ማታ ኮፍያዬን አድርጌ ስነዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ሽታ የለውም» አሉ በመጨረሻ። «ናፍጣ ሳይሸት እንዴት መኪና ይባላል?»

«ይሞክሩት ጋሼ።»

«በምን አንገቴ?»

ያን ጊዜ ነው ግራፉ ትዝ ያለኝ። ያ ውል የኔን 20 ዲግሪ ከተቀበለ የእሳቸውን ለምን አይቀበልም? ኮፍያውን አደረግሁላቸውና ያለ ሕመም እስከሚችሉት ድረስ እንዲዞሩ ጠየቅኋቸው፤ ቁጥሩን ከስክሪኑ አነበብኩ። ወደ ቀኝ 14፣ ወደ ግራ 9። ኦፕንትራክ ግራና ቀኙን ለየብቻ ማስተካከል ይፈቅዳል፤ ለግራው በጣም ቁልቁል የሆነ ግራፍ ሣልኩ። እንዲህ ሲጎላ መንቀጥቀጡም አብሮ ስለሚጎላ ማጣሪያውን አከበድኩት። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ከፈትኩ፣ ተሳቢውን ፈትቼ የጭነት መኪናውን ብቻ አስቀረሁላቸው።

መጀመሪያ ዝም ብለው ቀጥ አሉ። ከዚያ ወደ ግራ ጥቂት፣ ለዓይን የማይሞላ፣ ዞር አሉ። ስክሪኑ ላይ መስኮቱ መጣ፣ ከውጭ ያለው ስፖኪዮም መጣ፣ በስፖኪዮው ውስጥ የኋላው ጎማ።

«አንገቴ ነው ያዞረው?»

«አዎ። አንገትዎ ነው።»

ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ከመንዳታቸው በፊት አሥር ደቂቃ ሙሉ መኪናውን አቁመው ዙሪያቸውን ብቻ አዩ።

ከዚያ ነዱ። ኩርባ ላይ ዓይናቸው ቀድሞ ሲሄድ አየሁት። መጋዘን ደረሱና የኋላ ማርሽ አስገቡ፤ ቆሙ።

«ምን ዝም ትላለህ? ረዳት አይደለህ? ና በለኝ እንጂ።»

አልወጣልኝም። አፌ ደረቀ። «ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ…» አልኩ፤ «ያን ቀን ጎማውን አላየሁትም። ዓይኔ አውቶቡሱ ላይ ነበር።»

ከስክሪኑ አልዞሩም። «አውቃለሁ» አሉ። «በስፖኪዮ አይቼህ ነበር። ጎማው ጠርዝ ላይ መድረሱንም አይቻለሁ። ይይዛል ብዬ ነው።» ትንሽ ቆዩና፣ «ሹፌሩ እኔ ነበርኩ፤ አንተ ልጅ ነህ። በል አሁን፣ ቀኙን እይልኝ።»

ወንበሬን ወደ ቀኝ አስጠግቼ ስክሪኑን አየሁ።

«ና» አልኩ። «ና። ና። ና… በቃ!»

በሳምንቱ ወደ ነፋስ መውጫ ተመለሱ። ኦፕንትራክ ውስጥ የሳቸውን ግራፍ በስማቸው ሴቭ አድርጌዋለሁ። አንዳንድ ማታ ተሳስቼ እሱን እከፍትና፣ ገና አንገቴን ሳነቃንቅ መንገዱ ሁሉ ከፊቴ ይጠፋል፤ በመስኮት ገደሉን አያለሁ። እዘጋውና የኔን እከፍታለሁ። አላጠፋሁትም፤ ለሚቀጥለው ክትትል ሲመጡ ያስፈልጋቸዋል።